ከሃያ ቁመት የወጣ አሸዋ

አባቴ ከራር ከሱዌዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ አቻ ያልተገኘለት ጠላቂ ነበር። ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ብሆንም እለው ነበር። ትንፋሹን ይዞ የወረደ እንደሆነ፣ ጀልባው ላይ ያሉት ሰዎች ሻይ አፍልተው፣ ጠጥተው፣ ብርጭቆውን አለቅልቀው፣ ሚስቶቻቸውን አምተው ሲጨርሱ ነው ብቅ የሚለው። ሻርክ ሲያገኘው መንገድ ይለቅለታል፤ ሻርኩ ለአባቴ ማለቴ ነው። በምንኖርባት በቁሰይር ወደብ የእሱን ያህል ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም እኔ አልሰማሁም፣ እኔ ያልሰማሁት ደግሞ ብዙ አይደለም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ሐጅ ፈርገሊ የሚባል ባለጠጋ ከከተማው በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ሆቴል ከፈተና፣ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አስቆመ። ገንዳው የባቡር ፉርጎ ያክል ነበር። የባሕር ውኃ ሞልተው ሦስት መቶ ዓሣ ለቀቁበት። አድጌ ተመልሼ ሳየው ርዝመቱ ከአንድ አልጋ ብዙም አይበልጥም፤ ዓሣዎቹም ሠላሳ ቢሞሉ ነው። ያን ጊዜ ግን ባቡር አይቼ ስለማላውቅ እንደ ውሸት አይቆጠርብኝም።

ዓሣዎቹ ይሞቱ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ይገኛሉ። ገንዳውን እንዲጠብቅ ከእስክንድርያ የመጣው ኡስታዝ ሚላድ የሚባል ቀጭን ሰው፣ አንድ ማለዳ ዓይኑ ቀልቶ ቤታችን መጣ።

«የሹክሪያ አባት፣ አሸዋ እፈልጋለሁ» አለው። ሹክሪያ እኔ ነኝ።

አባቴ ከበራፋችን ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ የተዘረጋውን በረሃ በአገጩ አሳየው። «ውሰድ። ሲያልቅብህ ደግሞ ና።»

ኡስታዝ ሚላድ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሳል ሆነበት። «ይሄ ሬሳ ነው ወንድሜ። ሐጅ ፈርገሊም ከድንጋይ መፍጫ አስመጥቶ ገንዳው ውስጥ ያነጠፈው ሬሳ ነው። እኔ የምፈልገው ነፍስ ያለው አሸዋ ነው። ከባሕር የወጣ፣ ውስጡ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ያሉበት። የዓሣውን እድፍ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ እድፉ ይመረዛል።»

«ሐጅ ፈርገሊ ጀልባ የለውም? ሰው ልኮ አያስዝቅም?»

«አስዝቋል እንጂ! ሁለት ባልዲ መጥቶልኝ ነበር። የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኞች ‹ቆሻሻ ነው› ብለው በሳሙና አጥበው፣ በቧንቧ ውኃ አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ገደሉልኝ። እንዲያውም ጉርሻ ጠየቁኝ።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ በኺታ ከውስጥ ሆና አልሳቀችም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ከየት ነው የሚዛቀው?» አለች።

«ጥልቅ አያስፈልግም እህቴ። ጉልበት ያህል ውኃ ይበቃል። ንጹሕ ቦታ ይሁን እንጂ።»

መጋረጃውን መለሰችው።

ለምን እንደጠየቀች ያኔ አልገባኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አባቴ በጀልባ አለቃው በረይስ ዐዋድ ጀልባ የባሕር ዱባ የሚሉትን ትል መሰል እንስሳ ሊለቅም ሄዶ፣ ከአየር ሞተሩ በሚወርድ የጎማ ቱቦ እየተነፈሰ ሲጠልቅ ከርሞ፣ ወደ ቤት የመጣው ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሎ ነበር። ለሰው «ወገቤን ነው» ይል ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ግን እናቴ «አረፋው ደምህ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለተኛ ብትወርድ አስከሬንህን ነው የሚያመጡልኝ» ስትለው ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ኮራሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ የአባቴ ደም እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ እንዳለው፣ በመርፌ ቢወጉት ቺስስስ እንደሚል ተናገርኩ። ሁለት ልጆች መርፌ ይዘው ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! ባሕር አንድ ጊዜ የመታው ጠላቂ ዳግም ከወረደ ሁለተኛውን ምት አይችለውም። እንደተመታ ከታወቀ ደግሞ ገመድ እንዲይዝ እንኳ ጀልባ ላይ የሚያወጣው የለም፤ ገዱ ያስፈራቸዋል። ስለዚህ አባቴ ሕመሙን ደብቆ፣ ዳግመኛ ላይጠልቅ ለእናቴ ምሎ፣ ለረይስ ዐዋድ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ፣ ከቀን ወደ ቀን ሰበብ እየፈለገ ይኖር ነበር። ለእኔ ግን የሰነፈ ነበር የሚመስለኝ።

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ሁለታችን በአህያ ጋሪ ወደ ሐይቁ ሄድን። ሐይቅ የምለው፣ የድንጋይ አጥር የሚመስል ኮራል ከማዕበል የከለለውን ጸጥ ያለ ውኃ ነው። አባቴ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ፊት ይሄዳል ብዬ ብጠብቅ ወደ ታች ሄደ፤ ቁጭ አለ! ያ ታላቅ ጠላቂ፣ ሻርክ መንገድ የሚለቅለት ሰው፣ እንደ ሕፃን በቂጡ ተንፏቆ የእናቴን የቆርቆሮ ሳህን አወጣ።

«አባዬ፣ እዚህ ነው እንዴ?»

«እዚህ ነው።»

«እዚህማ ሴቶች ቀንድ አውጣ የሚለቅሙበት ነው!»

«ታዲያ ሴቶቹ ሞኝ ናቸው? ነይ፣ ባልዲውን ያዢ።» ሳህኑን አግድም ገፋው። «ላይ ላዩን ብቻ ነው። ሁለት ጣት። ከዚያ በታች ጥቁር ነው፤ አሽትቺው።»

አሸተትኩት፤ የገማ እንቁላል ነው።

«ይሄ ገዳይ ነው። ሕይወት ያለው ላይ ላዩን ነው።»

መዳፌ ላይ ያኖረልኝ አሸዋ ይኮረኩራል። የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቀንድ አውጣ፣ ክር የመሰለ ትል፣ ከጥፍር ያነሰች ሸርጣን። ሁለት ባልዲ ስንሞላ የባሕር ውኃ ጨመረበት፣ እርጥብ ጆንያ አለበሰውና ጋሪው ላይ ካለው ጥላ ሥር አስቀመጠው። ሲነሳ የአህያዋን አንገት ይዞ ብዙ ቆመ። ወደ ባሕሩ የሚመለከት መስሎኝ እኔም ወደ ባሕሩ ተመለከትኩ። ምንም አልነበረም። እግሩ እስኪመለስለት እየጠበቀ ነበር።

ሆቴሉ ስንደርስ ኡስታዝ ሚላድ አሸዋውን ሲያሸት ያለቅሳል ብዬ ነበር። የገንዳውን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገ አንድ ሰዓት ሙሉ ባልዲው ውስጥ አስገባ፤ «ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ በድንገት ከገቡ ይደነግጣሉ» ይላል። ከዚያ በኩባያ እየቀዳ፣ ገንዳው ሥር ድረስ በሚደርስ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ቀስ እያለ አወረደው፤ ውኃው እንዳይደፈርስ። የኛ ቡናማ አሸዋ ያንን በረዶ የመሰለ የሞተ አሸዋ እያለበሰው ሄደ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ፈረንጆች ተሰበሰቡ።

ሐጅ ፈርገሊ መቁጠሪያውን እያንቀጫቀጨ መጣ። ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ ጫማ፣ ትልቅ ድምፅ።

«እሺ ከራር! ከየት አመጣኸው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። «ከሐይቁ» ሊል እንደሆነ አወቅኩ። ከጉልበት፣ ከሴቶቹ ቦታ፣ በቂጤ ተቀምጬ። በእነዚያ ሁሉ ፈረንጆች ፊት! ቀደምኩት።

«ከሃያ ቁመት!» አልኩ። እኛ ባሕርን በሰው ቁመት ነው የምንለካው። «ከትልቁ ኮራል ጀርባ! ሻርክ መጥቶ ነበር፣ አባዬ በሳህኑ አፍንጫውን መታው። ሁለት ሻርክ! አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ይቅርታ ጠየቀ!»

ሐጅ ፈርገሊ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከፈረንጆቹ ዐረብኛ የሚያውቀው ለሌሎቹ አስተረጎመላቸው፤ አጨበጨቡ። ኡስታዝ ሚላድ ብቻ ኩባያውን እንደያዘ አባቴን እያየው ነበር።

«እውነት ነው ከራር? ሃያ?»

የአባቴ እጅ መጥቶ ራሴ ላይ ዐረፈች። የባረከኝ መሰለኝ። እጁ ከባድ ነበር።

«ልጅቷ ካለች» አለ አባቴ፣ «እንግዲህ ነው።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ የገንዳው ውኃ እንደ አየር ጠራ። የሚሞት ዓሣ ጠፋ። ሐጅ ፈርገሊ ግን ስለ ትሉና ስለ ቀንድ አውጣው የሚያወራበት ምክንያት አልነበረውም፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚያወራው ስለ ሃያው ቁመት ነው። እኔም በበኩሌ ቁሰይርን በሙሉ አዳረስኩ። ሻርኮቹ አምስት ደረሱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረይስ ዐዋድ መጣ። ሰውነቱ አጭር፣ ምላሱ ረዥም ነው።

«ስማማ ከራር! እኔን ‹ወገቤ› እያልክ ለፈርገሊ ዓሣ ሃያ ቁመት ትወርዳለህ? የኔ ገንዘብ ነው ወይስ ፊቴ ነው ያስጠላህ?»

«ፊትህ» አለ አባቴ።

«እሱንስ ሚስቴም ትለኛለች። ለማንኛውም ተዘጋጅ። ሐጁ ሁለተኛ ገንዳ አሠርቷል። ለኀሙስ ጀልባዬን ተከራይቷል። አሥራ ስድስት ፈረንጅ ይጭናል፤ አንተ ስትጠልቅና አሸዋውን ስታወጣ ያያሉ። የእህቱ ልጅ ፎቶ ያነሳል። አንተ ሰው፣ ዝነኛ ሆንክ!»

ከእኔ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። እየዘለልኩ ዞርኩ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ በር ላይ ቆማ ነበር። ረይስ ዐዋድ እንደወጣ አባቴን ጎትታ መጋረጃው ጀርባ አስገባችው።

«ንገራቸው!» ስትል ሰማሁ። «ከጉልበት ነው ያወጣሁት በል! ምን ይሆናሉ? ይስቁብሃል። ይሳቁ!»

አባቴ አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር አልሰማሁትም። አጭር ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ምንም አላለችም። ስታለቅስ ብቻ ሰማኋት። ጀልባው ላይ ስላልተጋበዘች ቀንታ ነው ብዬ ፈረድኩባት፤ ለአባቴ በኋላ «እማዬንም እንውሰዳት» አልኩት። «እሷ ቤት ትቆይ» አለኝ።

ኀሙስ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። እኔ የጀልባው አፍንጫ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጬ ለፈረንጆቹ እጄን አወናጭፋለሁ። ትልቁ ኮራል ጀርባ ስንደርስ ረይስ ዐዋድ በየቁመቱ የተቋጠረ ገመድ ጣለ፤ የአየር ሞተሩ ተንኳኳ፤ አባቴ ቱቦውን በጥርሱ ነክሶ፣ ድንጋይ አቅፎ ወረደ። ሲወጣ ቅርጫት ሙሉ አሸዋ ይዞ ነው። ጭብጨባ! የሐጁ የእህት ልጅ ግን ካሜራውን እየነካካ «አልያዘልኝም፣ አንዴ ድገመው» አለ።

አባቴ ወደ እኔ አየ። ወረደ።

ሁለተኛው ላይ አንዲት ፈረንጅ ከካሜራው ፊት ቆመች። «አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ!» አለ ልጁ።

«ይበቃዋል» አለ ረይስ ዐዋድ።

«ሰውዬው ሃያ የሚወርድ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ምን ይሆናል?» አለ ሐጅ ፈርገሊ።

ሦስተኛውን ወርዶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ከንፈሩ አመድ ነበር። ረይስ ዐዋድ ገመዱን ሲስብ የረጠቡትን ቋጠሮዎች እኔ ራሴ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። በዚያ ቦታ ባሕሩ ከአሥራ አራት ቁመት በላይ ጥልቀት የለውም። አባቴ ግን ውኃ ውስጥ እንዳለ ሁለት እጁን አውጥቶ ዐሥር ጣቱን ዘረጋ፣ ጨበጠ፣ እንደገና ዐሥሩን ዘረጋ። ሃያ። ረይስ ዐዋድ ገመዱን ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀመጠው።

ስንመለስ አባቴ መጀመሪያ ክንዱን ማከክ ጀመረ። ከዚያ ቁጭ አለ። ከዚያ ውኃ ጠየቀ። ብርጭቆውን ላቀብለው ስሄድ እንዲህ አለኝ፦

«ሹክሪ፣ እግሬን የያዘው ማነው?»

ዞሬ አየሁ። ማንም አልያዘውም።

«ማንም አባዬ።»

«እይው እስቲ፣ ገመድ ተጠምጥሞበት ይሆናል።»

ገመድም አልነበረም። ረይስ ዐዋድ አንድ ጊዜ ብቻ አየውና መሪውን ወደ ቅርቡ ዳርቻ አዞረው።

በእኛ ዘንድ ባሕር የመታውን ሰው የሚቀብሩት ከነነፍሱ ነው። ቀትር ላይ እግር የሚያቃጥለውን አሸዋ ቆፍረው፣ እስከ ደረት ያለብሱታል፤ ትኩስ አሸዋ ሕመምን ይመጥጣል ተብሎ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ነው። ረይስ ዐዋድ በእጁ ቆፈረ፣ ጥፍሩ እስኪደማ። አባቴን አውርደው አሸዋ አለበሱት። እኔ ዳር ዳሩን በቀንድ አውጣ አስጌጥኩለት፤ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስቄ «አባዬ ሐብሐብ መሰልክ» አልኩት፤ እሱም ሳቀ፣ ፊቱን ላብ አጥቦት።

«እግርህን ይሞቅሃል?» አለው ረይስ ዐዋድ።

«ይሞቃል፣ በጣም ይሞቃል።»

ረይስ ዐዋድ በስተግርጌው ዞረ። ከአሸዋው የወጣውን የአባቴን ውስጥ እግር ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ነካው። እዚያው አቆየው። አባቴ ወደ ሰማይ እያየ ነበር፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«አያችሁ!» ብዬ ጮህኩ ለፈረንጆቹ። «አባቴ እሳት አይፈራም!»

ረይስ ዐዋድ ጥምጣሙን ፈትቶ የራሱን ፊት ሸፈነበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። አባቴ ያስፈልገው የነበረው የብረት ክፍል ነው፤ አየሩ ተጨምቆ አረፋውን ከደም የሚያሟሟበት። እንዲህ ያለ ክፍል ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነበር። ሙቀቱስ? አልኩት። ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ መለሰና «ያባብሰዋል» አለኝ። እኛ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ነበር የቀበርነው። አሸዋው ሲቀዘቅዝ እየለወጥን።

አባቴን በበር ሳንቃ ላይ አድርገው ቤት አመጡት። ከወገቡ በታች የእሱ አልነበረም። እናቴ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አትናገረኝም። እኔ ስድስት ቀን አሰብኩ። በሰባተኛው ቀን ባልዲ ይዤ በእግሬ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ።

ኡስታዝ ሚላድ ገንዳው አጠገብ ነበር። ሲያየኝ ሲጋራውን አጠፋ።

«አሸዋችንን መልስልኝ» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«እድፍ ይበላሉ ብለህ የለ? የአባዬን አረፋ ይብሉለት። ደሙ ውስጥ ነው። እግሩ ላይ አደርግለታለሁ።»

ሰውዬው እንደ ፈረሰ ግድግዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ኀሙስ ያወጣው ይሻላል?» አልኩት። «እሱ ከጥልቅ ነው።»

«እሱ... እሱ የለም ልጄ። በዚያ ግርግር ወደቡ ላይ ፀሐይ ውስጥ ረሱት። ሦስት ቀን። ስደርስ ገምቷል፤ ጣልኩት።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሹክሪያ፣ ስሚኝ፣ እነዚህ ለዓሣ ነው እንጂ ለሰው...»

«መልስልኝ! የኛ ነው!» እግሩን ይዤ ጮህኩ። እኔ ለምኜ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልለመንኩም። ያን ቀን ግን ጫማውን ሳምኩት።

ተነሳ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ገንዳው ውስጥ ከተተ፤ ከዚያው ከሐይቁ አሸዋ፣ ላይ ላዩን፣ ሁለት ጣት እየገፈፈ ባልዲዬን ሞላው። ሐጅ ፈርገሊ ከደረጃው ወርዶ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ገንዳዬን ምን እያደረግከው ነው?»

«ለባለቤቱ እየመለስኩ ነው» አለ ኡስታዝ ሚላድ፣ ዞር ሳይል።

ሐጅ ፈርገሊ እኔን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ መቁጠሪያው እጁ ላይ ቆመ። ተመልሶ ደረጃውን ወጣ።

የአባቴን እግር ከጉልበቱ ጀምሮ እስከ ጣቱ ቀባሁት። በየሰዓቱ የባሕር ውኃ አርከፈክፍበታለሁ።

«እየበሉልህ ነው አባዬ?»

«ይኮረኩሩኛል። ቀስ በሉ በያቸው።»

«ቀስ በሉ!» እላቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን አየሁት። በዓይኔ አየሁት! የእግሩ አውራ ጣት ላይ ያለው አሸዋ ተነሳ፣ ተሰነጠቀ፣ ዳር ዳሩ ረገፈ። ተንቀሳቀሰ! በሩን በርግጄ ወጣሁ። «አባቴ ሊሄድ ነው! ተነስቶ ቆመ!» እያልኩ ከወደቡ እስከ ገበያው ሮጥኩ። ስመለስ ሰው ተከትሎኝ ነበር፤ ግቢያችን ሞላ። ረይስ ዐዋድ መረቡን ጥሎ፣ ጫማ ሳያደርግ መጥቶ ነበር።

«ወንድሜ፣ እስቲ» አለው። «እስቲ አንዴ።»

ሁሉም የአባቴን ጣት አየ። አባቴም አየው። ግንባሩ ላይ ያለው የደም ሥር ሲቆም አየሁ፤ አንገቱ ሲቀላ፤ ሳንቃውን የያዙት ጣቶቹ ሲነጡ። ያን ያህል ኃይል ከባሕር ሥር መርከብ ያወጣ ነበር፤ ይህን አላጋነንኩም። ጣቱ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ነበር። ከአሸዋው ውስጥ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ ወጥታ፣ ጥፍሩን ተሻግራ ሄደች።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ። «ለሷ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ለእናንተ ምን በወጣው!»

ሰዎቹ እንደመሳቅ ብለው ወጡ። እናቴ በሩን ዘጋች።

ሰባት ወር ኖረ። ጀርባው እየቆሰለ፣ ቁስሉ አጥንት እየደረሰ። አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» አላለኝም፤ እኔ መሆኔንም አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። እናቴ አርጅታለች፤ ባሚያ እየቀነጠሰች ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ስለ አባቴ ለልጆቼ እያወራሁ ነበር። ድንገት ጠየቅኳት፤ ያን ቀን መጋረጃው ጀርባ ምን ብሎሽ ነው ዝም ያልሽው?

ቢላዋውን አስቀመጠች። «‹ልጄን በሰው ፊት ቀጣፊ ከማስብላት እወርዳለሁ› አለኝ።»

ልጆቼ «ከዚያስ እማዬ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ቢላዋውን አንስቼ ባሚያውን እቀነጥስ ጀመር።

ለቅሶው ላይ የነበረችው ሰኒያ ትዝ አለችኝ፤ የረይስ ዐዋድ ሚስት። አባቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሰኒያ ሻይ እየቀዳች፣ ክፋት ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አልለየሁም፣ እንዲህ አለች፦

«የኔው ሰውዬ ግን ‹ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አራት ነው› ይላል። የመጀመሪያውማ ጨርሶ ከጉልበት ነው የሚሉም አሉ። አንቺ ሹክሪያ፣ ነበርሽ አይደል? ስንት ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ተዘግቶ የማያውቀው አፌ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ሃያ ልል ብሞክር የአባቴ ጣቶች ውኃው ላይ ሲዘረጉ ታዩኝ። አሥራ አራት ብል፣ ጉልበት ብል፣ ሞቱ ምን ሊባል ነው? «እ... እ...» እላለሁ።

እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገረችም ነበር። ከግድግዳው ጥግ ጥቁር ሻሽዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

«ሃያ አንድ ነው» አለች። «ገመዱን የለካሁት እኔ ነኝ።»

ያን ኀሙስ እናቴ ከቤት አልወጣችም። ከተቀመጡት ሴቶች ሦስቱ ቀኑን ሙሉ አብረዋት ነበሩ፤ ዳቦ ጋግረዋል፤ አባቴን በሳንቃ ሲያመጡት በሩን የከፈቱት እነሱ ናቸው።

ሰኒያ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«ሃያ አንድ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «አላህ ይማረው።»

አጠገቧ ያለችው ሴትም «ሃያ አንድ» አለች። ከዚያ ቀጣይዋ።